በታላላቅ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎች ውስጥ የስውር መልእክት ፍለጋ

ደራሲው በሥራው ውስጥ ሆን ብሎ የደበቀው መልእክት አለ ብሎ በማመን ፊደል ቆጥሮና መስመር አመሳክሮ መልእክቱን ለማውጣት መሞከር፣ በተለይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የበርካታ ሰዎችን ዕድሜ የወሰደ ሥራ ነው። ለዚህ ምርመራ በብዛት ከቀረቡት መካከል የሼክስፒር ተውኔቶች ይገኛሉ፤ መነሻውም ተውኔቶቹን የጻፈው ፈላስፋው ፍራንሲስ ቤከን ነው የሚለው ክርክር ነበር። አሜሪካዊው ፖለቲከኛ ኢግናሺየስ ዶኔሊ እ.ኤ.አ. በ1888 ባሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ፣ በተውኔቶቹ ውስጥ ቃላትን እየቆጠረ የቤከንን ምስጢር እንዳገኘ ገለጸ። የአቆጣጠሩን ደንብ ግን በየቦታው ይለዋውጥ ስለነበር፣ ተቺዎቹ በራሱ ስልት ተቃራኒውን መልእክት ለማውጣት አልተቸገሩም።

የአሜሪካዊቷ መምህርት ኤልዛቤት ዌልስ ጋለፕ ጥናት ከዚህ የጠነከረ መሠረት ነበረው፤ ምክንያቱም ቤከን በእርግጥም የራሱ ኮድ ነበረው። በ1623 ባሳተመው ሥራ እንዳብራራው፣ እያንዳንዱ ፊደል በሁለት ምልክቶች ብቻ በተሠራ የአምስት ምልክት ስብስብ ይወከላል፤ የመጀመሪያው ፊደል «ሀሀሀሀሀ»፣ ሁለተኛው «ሀሀሀሀለ» እያለ ይቀጥላል። ሁለቱን ምልክቶች በመልክ ጥቂት በሚለያዩ ሁለት የኅትመት ፊደላት መተካት ስለሚቻል፣ ማንኛውም ተራ ጽሑፍ ሌላ መልእክት ሊሸከም ይችላል። የሼክስፒር ተውኔቶች የመጀመሪያው ታላቅ ስብስብ የታተመውም በዚያው ዓመት ነበርና፣ ጋለፕ በስብስቡ ዘንበል ያሉ ፊደላት ውስጥ ሁለቱን መልኮች ለይቼ ቤከን የንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ መሆኑን አነበብሁ አለች።

ባለጸጋው ጆርጅ ፋቢያን በኢሊኖይ ግዛት፣ በጄኔቫ ከተማ ባቋቋመው ሪቨርባንክ በተባለ የምርምር ማዕከል ለዚህ ጥናት ገንዘብ አፈሰሰ። ኤልዘቤት ስሚዝ በ1916 ጋለፕን ለማገዝ ወደዚያ ሄደች፤ ለዘረ መል ጥናት የተቀጠረው ዊልያም ፍሪድማንም ገጾቹን በፎቶግራፍ በማጉላት ይተባበር ነበር። በ1917 የተጋቡት እነዚህ ሁለት ወጣቶች ጋለፕ አየሁ የምትለውን ልዩነት ሊያዩት አልቻሉም። በዘመኑ ማተሚያ ቤቶች ያረጁና የተጎዱ ፊደላት ከአዲሶቹ ጋር ይደባለቁ ነበር፤ እርጥብ ወረቀት ላይ ቀለም ሲሰራጭ ደግሞ አንዱ ፊደል ራሱ በየገጹ መልኩን ይቀይራል። ኮዱ ራሱ እንከን አልነበረበትም፤ ባልና ሚስቱ በ1918 ያሠለጠኗቸውን መኮንኖች ገሚሶቹን ወደ ካሜራው፣ ገሚሶቹን ወደ ጎን እያስመለከቱ በተነሱት ፎቶግራፍ «ዕውቀት ኃይል ነው» የሚለውን የቤከን አባባል ጽፈውበታል፤ የሰው ቁጥር ስላነሰ የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ቀረች።

ባልና ሚስቱ በኋላ ከአሜሪካ ታላላቅ ኮድ ፈቺዎች ተርታ ተሰለፉ፤ በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍም የሼክስፒርን ጉዳይ ዳግም መረመሩ። ትልቁ አስተዋጽኦአቸው፣ በእኔ ግምት፣ ያስቀመጡት መመዘኛ ነው። የተገኘው መልእክት በሰዋስው የተስተካከለና ትርጉም ያለው መሆን አለበት፤ ቁልፉም ለፈቺው ምርጫ ቦታ ሳይተው፣ ሌላ ባለሙያ ለብቻው ቢሠራበት ወደዚያው ውጤት ሊያደርሰው ይገባል። የጋለፕም ሆነ የዶኔሊ ሥራ ይህን ፈተና አላለፈም።

መመዘኛው እውነተኛውን ኮድም ለይቶ ያሳያል። ጀርመናዊው መነኩሴ ትሪቴሚየስ በ1500 አካባቢ የጻፈው፣ ስለ መናፍስት የሚናገር የሚመስለው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ለረጅም ዘመን የአስማት ጽሑፍ ተብሎ ሲታይ ኖሯል። በ1990ዎቹ ግን ቶማስ ኧርነስትና ጂም ሪድስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አንዱ ስለሌላው ሥራ ሳያውቅ፣ የቁጥር ሠንጠረዦቹን ፈትተው አንድ ዓይነት ንባብ አገኙ፤ ከውስጡም ከመዝሙረ ዳዊት የአንዱ መዝሙር መጀመሪያና የደብዳቤው አድራሽ ሌባ ስለሆነ ተጠንቀቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ።