የመረብ ስፖንጅ፦ ከአረፋው እስከ ቋጠሮው

የመረብ ስፖንጅ ከቀጭን የፕላስቲክ መረብ ተሰብስቦ፣ መሃሉ በገመድ ታስሮ፣ መዳፍ በሚሞላ ኳስ መልክ የሚሠራ የገላ መታጠቢያ ዕቃ ነው። በአማርኛ አንድ የጸና ስም የለውም፤ አንዱ «ስፖንጅ»፣ ሌላው «የገላ መፈተጊያ»፣ ሦስተኛው «መረብ» ይለዋል። በከተማ ቤቶች ውስጥ ከቧንቧው አንገት ወይም ከበሩ ጀርባ ካለው መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ኳስ ማለት ነው። ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ ስለ ንድፉ ቆም ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። ነገር ግን ከእርቃን ቆዳ ጋር በየቀኑ የሚገናኝ ዕቃ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፣ ጉድለቱም እንደዚያው፤ ትልቁ ጉድለት ደግሞ ሊታረም የሚችል ነው።

አሠራሩ

ያረጀ የመረብ ስፖንጅ ያለው ሰው ከመጣሉ በፊት መሃሉን ያሰረውን ገመድ በመቀስ ይቁረጠው። ኳሱ በአንድ ጊዜ ተፈትቶ ረጅም ቱቦ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ወይም ሦስት ቱቦ ይወጣዋል። መዳፍ የሚሞላ ነገር ይህን ሁሉ መረብ ጨብጦ እንደ ኖረ ማየት ያስገርማል። ከዚያ አንዱን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አስጠግቶ መመልከት ነው። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ሆኖ በአንዱ ጫፉ የቆመ ይመስላል፤ ወደ ጎን ሲስቡት ይሰፋል፣ ሲለቁት ይጠብባል። የመረቡ ቀጫጭን የፕላስቲክ ጭረቶች በሚገናኙበት ቦታ ክር በክር ላይ አላለፈም፣ ቋጠሮም የለም። ሁለቱ ጭረቶች ቀልጠው አንድ ሆነዋል።

መረቡ አልተሸመነም፣ አልተጠለፈምም። መነሻው እንግሊዛዊው ብራያን ሜርሰር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፈጠረው «ኔትሎን» የተባለ ዘዴ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ አንዱ በሌላው ውስጥ በተቀመጡ ሁለት ክብ ማውጫዎች መካከል ይገፋል። ሁለቱም ፊት ለፊት በሚተያዩበት ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቦዮች አሏቸው፤ የሚሽከረከሩትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። የውስጡና የውጪው ቦይ ሲገጣጠሙ መገናኛው ይፈጠራል፣ ሲተላለፉ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ጭረቶች ይወጣሉ። እንዲህ እየተገናኘና እየተለያየ የሚወርደው ትኩስ ቱቦ ይቀዘቅዛል፣ ተስቦም ይቀጥናል። ነጭ ሽንኩርትና ብርቱካን የሚሸጥበት የመረብ ከረጢት የዚሁ ቤተሰብ ነው። በመንገድ ሥራ አፈር ለማጠናከር የሚነጠፈው ጠንካራ የፕላስቲክ መረብም ከዚሁ ሐሳብ የተወለደ ነው።

መረቡ ወደ መታጠቢያ ቤት በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ፈሳሽ የገላ ሳሙና በአሜሪካ ገበያ በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ፈሳሹ ሳሙና በባዶ እጅ ሲታሹት ብዙ አረፋ አይሰጥም፤ ወርዶ ያልቃል። በመረብ ላይ ሲንጠባጠብ ግን ታሪኩ ይለወጣል። አረፋ ማለት በስስ የሳሙና ውሃ ግድግዳ የተከበበ አየር ነው። መረቡ ሲጨመቅና ሲለቀቅ አየር በመቶዎች በሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይመላለሳል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳም አየሩን ይከፋፍለዋል። ትንሽ ሳሙና ብዙ ቦታ የሚያዳርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ በባልዲ ቀድቶ በጆግ ለሚታጠብ ሰው ይህ ቁጠባ ቀላል አይደለም። ሳሙናው በዛ ማለት ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ውሃም በዛ ማለት ነውና።

ቆዳና ፍትጊያ

የቆዳችን የመጨረሻው የውጭ ሽፋን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ወደ 100 ማይክሮን ስለሚሆን፣ ሽፋኑ ከወረቀት በብዙ እጥፍ የሚሳሳ ነው። በሞቱ ሕዋሶችና በመካከላቸው ባለ ቅባት የተገነባ ነው፤ ውሃ ከሰውነት እንዳይተን፣ ጀርምና ኬሚካልም እንዳይገባ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ራሱን በራሱ ያድሳል። ከላይ ያሉት ሕዋሶች በየዕለቱ ሳናያቸው ይራገፋሉ፣ ከሥር ያሉት ይተካሉ።

እርጥብ ገላ ሲፈተግ እየተጠቀለለ የሚወጣውን ግራጫ ነገር ሁላችንም «እድፍ» ብለን እናውቀዋለን። አብዛኛው ግን የራሳችን የሞተ ሕዋስ ከላብና ከወዝ ጋር ተቀላቅሎ ነው። «እድፉ እስኪያልቅ» መፈተግ ማብቂያ የሌለው ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው። የዕለቱን ላብ፣ አቧራና ሽታ ለማስወገድ ሳሙና፣ ውሃና ለስላሳ እጅ ይበቃሉ። ችፌ ያለበት፣ ቆዳው የሚደርቅ ወይም የሚቆጣ ሰው መረቡን ትቶ በእጁ ቢታጠብ ይሻለዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው ጥቁረቱ ነው። በጃፓን የናይሎን መታጠቢያ ጨርቅ በተስፋፋበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ፣ የቆዳ ሐኪሞች በአንገት አጥንት፣ በትከሻና በጀርባ አጥንት ላይ የሚወጣ ቡናማ ጥቁረት መዘገቡ። መንስኤው የዓመታት ፍትጊያ ነበር። በዮርዳኖስም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በዐረብ አገሮች ሊፋ ተብሎ በሚጠራው መፈተጊያ ስም የሚጠሩት ሐኪሞችም አሉ። ጥቁረቱ የሚበረታው ሥጋ ሳስቶ አጥንት ቀረብ በሚልበት ቦታ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ለጉዳትም ሆነ ለመቆጣት በቀላሉ ቀለም በማብዛት ይመልሳልና ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ክፉ አዙሪትም አለው፤ ሰውየው ጥቁረቱን እድፍ መስሎት ይበልጥ ይፈትገዋል፣ ይበልጥም ይጠቁርበታል። መድኃኒቱ መጀመሪያ ፍትጊያውን ማቆም ነው። ያኔም ቢሆን ጥቁረቱ የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው።

ቋጠሮው

የመረብ ስፖንጅ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል ብሎ ማመን ቀላል ነው። ውጪው በእርግጥ ይደርቃል። ውሃው የሚደበቀው ግን በጭረቱ ውስጥ አይደለም፤ በጭረትና በጭረት መካከል ነው። ክፍተቱ በጠበበ መጠን ውሃው አጥብቆ ይያዛል፤ መረቡ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠብበው ደግሞ ገመዱ በሚያንቀው መሃል ላይ ነው። እዚያ አየር አይደርስም። የሳሙና ቅሪት፣ ወዝና የተራገፈ ቆዳ የሚከማቸውም እዚያው ነው። ማታ የታጠቡበትን ኳስ ጠዋት አንሥቶ መሃሉን በሁለት ጣት ቢጨምቁት ጠብታ የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። እርጥበት፣ ምግብና የክፍል ሙቀት በአንድ ላይ ሲገኙ ባክቴሪያ ሌላ ግብዣ አይፈልግም።

በዚህ ረገድ በደንብ የተጠናው የመረቡ ቀዳሚ፣ ከዱባ ቤተሰብ የሆነው ሉፋ ነው፤ ፍሬው ሲደርቅ የሚቀረው የጭረት ጥልፍልፍ በብዙ አገር ገላ ይታጠቡበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች በአንድ ሰው ቆዳ ላይ በፀጉር ሥር የወጣን ሽፍታ ምንጭ ሲከታተሉ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለ ባክቴሪያ በተበከለ ሉፋ ላይ አገኙ። ከዚያም ያልተነካ ንጹሕ ሉፋ እንኳ ውሃ ሲነካው ባክቴሪያን ማሳደግ እንደሚችል አሳዩ፤ በ10 በመቶ የበረኪና ውህድ አዘውትሮ ማጽዳትንም መከሩ። ፕላስቲኩ እንደ ሉፋ ራሱ ምግብ አይሆንም። በላዩ ላይ የሚቀረው ቆዳና ወዝ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

የተሻለው ንድፍ

ስለዚህ የመረብ ስፖንጅን ለማሻሻል የተነሣ ሰው መጀመሪያ ስለ አረፋ ማሰብ የለበትም፤ አረፋው ድሮ ተፈትቷል። ማሰብ ያለበት ስለ መድረቅ ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በጋና «ሳፖ» የሚባል የገላ መረብ አለ። ቀድሞ ከተክል ጭረት ይሠራ ነበር፤ አሁን በብዛት ከናይሎን ነው። ኳስ አይደለም፤ ረጅም ሆኖ ሲሳብ የሚለጠጥ መረብ ነው። ሰው ሁለቱን ጫፍ ይዞ ጀርባውን ያለ ረዳት ይታጠባል፣ ሲፈልግ ጠቅልሎ እንደ ኳስ ይይዘዋል፣ ሲጨርስ ዘርግቶ ይሰቅለዋል። ሲሰቀል ንብርብሩ ስለሚላቀቅ አየር በየቀዳዳው ያልፋል። በእኔ ግምት ይህ ከታሰረው ኳስ የላቀ ንድፍ ነው። ኳሱ በእጅ ለመያዝና አረፋ ለማብዛት ይመቻል፣ ዝርጉ መረብ ደግሞ ለመድረቅ። የተሻለው ዕቃ ሁለቱንም መሆን አለበት፤ በመታጠብ ጊዜ ኳስ፣ በመስቀል ጊዜ ዝርግ።

ይህን ማድረግ ከባድ አይደለም። መሃሉን ለዘለቄታው የሚያንቀው ገመድ ቀርቶ፣ በጣት የሚከፈት ሰፊ ቀለበት ቢገባ መረቡ ሲፈለግ ይሰበሰባል፣ ሲፈለግ ይፈታል። ቀለበቱ ሰፋ ካለ በኳስነቱ ጊዜም ቢሆን መሃሉ ክፍት ስለሚሆን ውሃ ይወርድበታል። የመረቡን ብዛት መቀነስም ይረዳል። ሰው ኳሱ ሲደልብ ጥራት ያለው ይመስለዋል፤ ተጨማሪው ንብርብር ግን ከአንድ ደረጃ በኋላ አረፋ ሳይሆን እርጥበት ነው የሚጨምረው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመገናኛው ቅርጽ ነው። ቆዳን የሚቧጭረው ቀጥ ያለው ጭረት ሳይሆን ሁለት ጭረት የቀለጠበት እብጠት ነው። እብጠቱን በእጅ ጀርባ ላይ በቀስታ ቢጎትቱት ይታወቃል። መገናኛው ትንሽና ክብ፣ ጭረቱ ቀጭንና ተጣጣፊ ሲሆን መረቡ ይለሰልሳል። ከመጠን በላይ ሲቀጥን ደግሞ ይበጠሳል፤ የሠሪው ጥበብ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ተረከዝ ሻካራ ነገር ይፈልጋል፣ አንገት ለስላሳ። አንድ መረብ ለሁለቱም መሥራት የለበትም፤ ለተረከዝ ከድሮም መፈግፈጊያ ድንጋይ አለን።

ባክቴሪያ የሚገድል ቅመም በፕላስቲኩ ውስጥ መጨመር ሦስተኛው መንገድ ሆኖ ይቀርባል። እኔ አልደግፈውም። በመረቡ መሃል የሚከማቸው ቅሪት ቅመሙን ይሸፍነዋል፤ ከቆዳ ጋር በየቀኑ የሚነካካ ኬሚካል መጨመርም በቀላሉ የሚወሰን ነገር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ጸረ ባክቴሪያ ቅመሞችን ለሸማች ከሚሸጡ መታጠቢያ ሳሙናዎች ያገደው ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጡ ባለመረጋገጡ ነበር።

ንድፉ መሻሻሉን ለማወቅ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ስፖንጁን ደረቅ ሳለ መመዘን፣ ነክሮ ሦስት ጊዜ አራግፎ መመዘን፣ ሰቅሎ ከስምንት ሰዓት በኋላ እንደገና መመዘን። በመጨረሻው ሚዛንና በደረቁ መካከል ያለው ልዩነት በውስጡ ያደረውን ውሃ በግራም ይናገራል። አንድ የታሰረ ኳስና ገመዱ የተቆረጠ አምሳያው ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ክርክሩ በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ጥሬ ዕቃው

ፖሊኢትሊን ከውሃ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል፤ ናይሎን ይሰምጣል። መረቡ ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት ዕቃ ሲገኝ ጫፉን ቆርጦ፣ አየሩን በሳሙና ውሃ አውጥቶ ጆግ ውስጥ መጣል መልሱን ይሰጣል። ልዩነቱ በጽዳት ጊዜ ያስፈልጋል፤ በረኪና ፖሊኢትሊንን ብዙም አይጎዳውም፣ ናይሎንን ግን ያዳክመዋል። ሁለቱም ከነዳጅ ዘይት የሚገኙና ሲጣሉ ለረጅም ዘመን የማይበሰብሱ ናቸው። ከተክል ስታርች የሚሠራው ፒኤልኤ የተሰኘ ፕላስቲክ በአማራጭነት ይነሣል፤ ነገር ግን በቅጡ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በሚሠራ የማብላያ ጣቢያ እንጂ በጓሮ አይደለም።

በእኛ አገር ልብን የሚስበው ቃጫ ነው። እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ ለገመድና ለማጥለያ የሚሆን ነጭ ጠንካራ ቃጫ ይተርፋል። ለጀርባና ለክንድ እንዲሆን ሳስቶ ቢፈተልና ሰፊ ቀዳዳ ባለው ዝርግ መረብ ቢሠራ፣ ዕድሜው ሲያልቅ አፈር ይሆናል። ፈተናው ሁለት ነው፤ ማለስለሱና ማድረቁ። ቃጫ እንደ ፕላስቲክ አይደለም፣ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ፀሐይ በሚያገኝበት መስኮት እንጂ በጨለማ መታጠቢያ ቤት መቀመጥ አይችልም። ለቃጫው ዝርግ መሆኑ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

አያያዙ

በቤት ያለው ኳስ እስከዚያው በአግባቡ ሊያዝ ይችላል። ከታጠቡ በኋላ ሳሙናውን አስለቅቆ፣ ጨምቆ፣ በኃይል አራግፎ ከመታጠቢያው ውጪ አየር ባለበት መስቀል ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በርዞ ለአምስት ደቂቃ መንከርና በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል፤ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ግን አደገኛ ነው። መቀቀል አይመከርም። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያም ቢሆን ስሱን ፖሊኢትሊን ያለሰልሰዋል፣ ቅርጹንም ያበላሻል። ፊትና ብልት በመረብ አይታጠቡም። ከተላጩ በኋላም ቆዳው ትንንሽ ጭረት ስለሚኖረው ሁለት ሦስት ቀን መረቡን መተው ይሻላል። ለሁለት ሰው አንድ መረብ አይሆንም፣ ባልና ሚስትም ቢሆኑ።

የፕላስቲኩ መረብ በሁለት ወር፣ ሉፋው በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ይቀየራል፤ ሽታ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ደግሞ በዚያው ቀን። የተሻረው ኳስ ገመዱ ተቆርጦ ቱቦው ሲዘረጋ ለባልዲና ለጫማ ማጠቢያ ገና ብዙ ያገለግላል።