የ12ኛ ክፍል ፈተና ደህንነት፦ ከ2008 ወዲህ

በአገራችን ከትምህርት ቤት ጋር በተያያዙ ወንጀሎች ውስጥ የፈተና ስርቆትን ያህል ያነጋገረ ያለ አይመስልም። ኩረጃ ራሱ አዲስ አይደለም። አጤሬራ እጅጌ ውስጥ መደበቅ፣ ጎበዝ ተማሪ ጀርባ መቀመጥ፣ በሌላ ሰው ማስፈተን ድሮም ነበር። በንጉሡና በደርግ ዘመን ማትሪክ ይከበር እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል።

ነገሩ የተለወጠው በ2008 ነው። ግንቦት 22 ፈተናው ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ጥያቄ ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን በሙሉ ሰረዘው። ጥያቄውን ያወጡት ወገኖች በኦሮሚያ ትምህርት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ፈተናው እንዲራዘም ጠይቀው ሰሚ ማጣታቸውን ይናገራሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ስርቆት ስርቆት ነው። ፈተናው ወደ ክረምቱ መግቢያ ተዛወረ፤ በዚያው ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በ2009 እና በ2011ም በፈተና ሳምንት ኢንተርኔት ጠፍቷል። ቴሌግራም ሲመጣ ደግሞ መልስ ከክፍል ክፍል በስልክ ይዞር ጀመር።

በ2014 መንግሥት ቆረጠ። ተፈታኞች በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲያድሩ ተደረገ። የ2014ቱ ፈተና የተሰጠው በ2015 መጀመሪያ፣ በሁለት ዙር ነው። ተማሪው አንሶላና ብርድ ልብሱን ይዞ በር ላይ ይሰለፋል፣ ይፈተሻል፣ ስልክ ይዞ አይገባም። ወደ 900 ሺህ ተማሪ አጓጉዞ፣ አብልቶና አሳድሮ መፈተን ቀላል ሥራ አልነበረም። ሁሉም ግን በሰላም አላለፈም። በአማራ ክልል ባሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው ወጥተዋል። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የእንጨት ድልድይ ተደርምሶ ተማሪ ሞቷል።

ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ፣ በ2015ቱ ፈተና ደግሞ 3.2 በመቶ አለፉ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የቀድሞው ከፍተኛ ውጤት በኩረጃ የተነፋ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ጦርነትና የኮሮና መዘጋትም አስተዋጽኦ እንዳላቸው የሚናገሩ አሉ።

በ2016 ለተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናው በኮምፒውተር ተሰጠ። የወረቀት ኅትመትና ማጓጓዝ ሲቀር ጥያቄ የሚሾልክበት ቀዳዳ ይጠባል። በዚያ ዓመት ያለፉት 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው።