የወታደር ጫማ ልባስ ስፌት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ ያለችው የልብስ ስፌት ቤቴ በተማሪዎች ትሞላለች። የድራማ ክበባት የአርበኞችን ታሪክ በመድረክ ሊያሳዩ ይዘጋጃሉና ለጣሊያኑ፣ ለባንዳው፣ ለክቡር ዘበኛው ልብስ ይፈለጋል። ለአሥር ወጣቶች እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡት ጫማ መግዛት ከክበብ መዋጮ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ተማሪው በራሱ ጫማ ላይ የሚያጠልቀው ልባስ ከጨርቅ ወይም ከሰው ሠራሽ ቆዳ እንሰፋለን። ስለዚህ ሥራ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። አንዳንዶቹን እኔም አምኜባቸው ጨርቅ አበላሽቻለሁ።

“የሱሪ እግር እንደ መስፋት ነው”

ከሁሉም በላይ ጨርቅ የሚያስጨርሰው ይህ ነው። እግር ቧንቧ አይደለም። ባቱ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቀጥናል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ እንደ ሱሪ እግር የተሰፋ ልባስ ተዋናዩ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተከምሮ ይቀራል፤ ከሩቅ ሲያዩትም ቡት ሳይሆን የወረደ ካልሲ ይመስላል።

ልኬት የሚወሰደው ተዋናዩ በመድረክ የሚያደርገውን ጫማና ሱሪ እንዳደረገ ነው። በባዶ እግር ተለክቶ የተሰፋ ልባስ ሱሪው ሲገባበት አይዘጋም። አምስት ቦታ እለካለሁ፦ ከጉልበት በታች፣ የባቱን ወፍራም ቦታ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ቀጭን ቦታ፣ ከተረከዝ ጫፍ ተነስቶ የእግሩን መታጠፊያ የሚዞረውንና የጫማውን መሐል። አራተኛው ልክ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዚፕ የሌለው ልባስ ሲጠለቅ የሚያልፈው ግን በዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ከጠበበ እግር አይገባም።

ንድፉን ለማውጣት ከሜትሩ ይልቅ የምተማመንበት ዘዴ አለ። ጫማውንና ሱሪውን እንዳደረገ እግሩን በፌስታል እጠቀልላለሁ፤ በላዩ ላይ ፕላስተር ሳላጠብቅ ደራርቤ እለጥፋለሁ። ከጉልበት እስከ ጫማው አፍንጫ በፊት መሐል፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ ደግሞ በኋላ መሐል መስመር አሰምራለሁ። ከዚያ በመስመሩ ላይ በመቀስ ስቆርጠው ውጫዊና ውስጣዊ ጎን ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። አልዘረጋ ያለው ቦታ ትንሽ ይሰነጠቃል። ወረቀት ላይ ተገልብጦ ለስፌት 1.5 ሳንቲ ሜትር ዙሪያውን፣ ባቱ ላይ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ለእንቅስቃሴ ይጨመርበታል። መጀመሪያ በአቡጀዴ ተሰፍቶ ይለካል፤ ተዋናዩ ይቀመጥበታል፣ ይንበረከክበታል፣ ደረጃ ይወጣበታል። ዋናው ጨርቅ መቀስ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

የግራና የቀኙ ንድፍ ተገልብጦ መቆረጥ እንዳለበትም ላስታውስ። ሁለቱን በአንድ ፊት ቆርጦ ሁለት የግራ እግር ይዞ መቅረት እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው።

“ሁለት ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል”

ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለአንድ ጥንድ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ዚፕ ይዋል።

“በድራማው ያለ ተዋጊ ሁሉ ቡት ማድረግ አለበት”

እዚህ ላይ ከደንበኞቼ ጋር ብዙ እከራከራለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ከስፌትም በላይ ነው። ተማሪዎች ደጋግመው የሚሠሩት ትዕይንት ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1933 ደብረ ማርቆስ የገቡበትን ነው። አርበኛውን፣ ክቡር ዘበኛውን፣ ጣሊያኑን ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥቁር ቡት ማሰለፍ ይፈልጋሉ።

የጎጃም አርበኛ በአብዛኛው የተዋጋው በባዶ እግሩ ነው። የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀን ተከታዮች የሚያሳይ ተማሪ ባዶ እግሩን መድረክ ላይ ቢቆም እውነቱን ያሳየናል እንጂ ልብስ አልጎደለበትም። አንድ ሁለቱ ከጠላት የተማረከ ጫማ ቢያደርጉ አልቃወምም። በጦርነቱ ዘመን ፎቶግራፎች ላይ ካኪ ለብሰው፣ እግራቸውን በጨርቅ ጠምጥመው፣ ያለ ጫማ የቆሙ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ይታያሉ። ጣሊያን ከቅኝ ግዛቶቹ ካሰለፋቸው አስካሪዎችም ብዙዎቹ ጥምጥሙን በባዶ እግር ወይም በሰንደል ላይ ያደርጉ ነበር። ረጅም የቆዳ ቡት በዋናነት የጣሊያን መኮንን ምልክት ነው፤ ተራው እግረኛ አጭር ጫማ አድርጎ እስከ ጉልበቱ የሱፍ ጨርቅ ይጠመጥማል። ባትን የሚሸፍነው የወታደር ልባስ ስም፣ ገምባሌ የሚለው ቃላችንም፣ ከዚያው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ስለዚህ ክበቡ ልባስ የሚያስፈልገው ለሁለት ወይም ለሦስት መኮንኖች ብቻ ሊሆን ይችላል። ለእግረኞቹ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት ያለው ሱፍ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ላይ ይጠመጠማል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍናል። አቡጀዴ ለዚህ አይሆንም፤ ስለማይለጠጥ ይንሸራተታል። ልብስ የሚቀየርበት ጊዜ አጭር ከሆነ ጥምጥሙን በቀጭን ልባስ ላይ አስቀድሜ ሰፍቼ ከኋላ ዚፕ አደርግለታለሁ። ከታዳሚው ወንበር ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም።

“ሰው ሠራሽ ቆዳ እንደ ካኪ ይሰፋል”

ካኪ ስሕተትን ይምራል፤ ተፈትቶ እንደገና ቢሰፋ የመርፌው ቀዳዳ ይከደናል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ አንዴ የተበሳ ቀዳዳ አይጠፋም። ስለዚህ በስፒል አይያዝም፤ ጫፍ ለጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ይያያዛል። የስፌቱ እርምጃ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። “ጠበቅ ያለ ስፌት ይጠነክራል” የሚለው እምነት እዚህ ይገለበጣል፦ የተቀራረበ ቀዳዳ ቆዳውን እንደ ቴምብር ጠርዝ ያደርገውና ባቱ ሲወጠር በዚያው ይቀደዳል። መርፌው 90 ወይም 100 ቁጥር ይሁን። የመኪናው እግር ከተጣበቀበት ቀጭን ወረቀት ከላይ አድርጎ አብሮ መስፋትና በኋላ ቀድዶ ማውጣት ይቻላል። ካውያ ግን አይነካው፤ ይቀልጣል። ስፌቱ በጣት ተከፍቶ በማስቲሽ ይለጠፋል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ባለው ኩርባም ከውስጥ በኩል ያለው የስፌት ትርፍ ክሩ ሳይነካ በመቀስ ጫፍ ካልተሰነጣጠቀ ስፌቱ ተሰብስቦ ይቆማል።

“ጫማውን እስከ ታች መሸፈን አለበት”

አንድ ዓመት በደንበኛ ጥያቄ ሶሉን ጭምር ሸፍኜ ሰጠሁ፤ ልጁ በተወለወለ የመድረክ ጣውላ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። ክንዱ ባይሰበርም እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። ጫማው መሬቱን የሚይዘው በሶሉ ነውና ልባሱ ሶሉ ጋ ሲደርስ ማብቃት አለበት። እንዳይነሳ የሚይዘው ከተረከዙ ፊት ለፊት፣ በጫማው ሥር ባለው ክፍተት የሚያልፍ 2 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ላስቲክ ነው። ያ ቦታ መሬት ስለማይነካ ላስቲኩ ቶሎ አያልቅም። ሶሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን መሬቱን ይነካል፤ በየትርኢቱ መታየትና መቀየር አለበት።

“መዝጊያው የትም ቢሆን ልዩነት የለውም”

ዘለበትና መንጠቆ ያለበት የወታደር ገምባሌ የሚዘጋው በውጭ በኩል ነው። በውስጥ ከሆነ ሲራመዱ የግራው ዘለበት ከቀኙ ጋር ይያያዛል፤ ሲሮጥ የሚወድቅ ወታደር ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። በልባስም እንዲሁ ነው፤ ዚፕ ግን ስለማይያያዝ በኋላ መሐል መሆን ይችላል።

“የዛሬውን ሠራዊት ልብስ መምሰል የበለጠ ያምራል”

የመከላከያን መለያ ልብስ ያለ ፈቃድ መልበስ በሕግ ያስጠይቃል። ዝንጉርጉር የወታደር ጨርቅ ይዞ የመጣን ሰው እመልሳለሁ። የድሮውን ልብስም ቢሆን ልጆቹ በከረጢት ይዘው ሄደው አዳራሹ ውስጥ እንዲለብሱት አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ በመንገድ ላይ የሚያያቸው ሰው ድራማ መሆኑን አያውቅም።

“ለሚቀጥለው ዓመት ታጥፎ ይቀመጣል”

የታጠፈ ሰው ሠራሽ ቆዳ በመታጠፊያው ይሰነጠቃል። ላቡ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ውስጡ በተጨማደደ ጋዜጣ ተሞልቶ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ቆሞ ይቀመጥ። የባለቤቱ ስምና የእግሩ ልክ ገበሩ ላይ በእስክሪብቶ ቢጻፍ፣ ቀጥሎ የሚለብሰው ልጅ ሲመጣ የት መጥበብ ወይም ሰፋ ማለት እንዳለበት ወዲያው ይታወቃል።