ሱሊስ፦ የባዝ ፍል ውሃ እመቤት

ሱሊስ የጥንት ብሪታንያ ኬልቶች በዛሬዋ የእንግሊዝ ከተማ ባዝ ያመልኳት የነበረች የፍል ውሃ አምላክ ናት። ምንጩ ዛሬም አልነጠፈም፤ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ውሃ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ያፈልቃል። ከሮማውያን በፊት ስለነበረው አምልኮ የሚመሰክሩት በምንጩ ውስጥ የተገኙ ጥቂት የዶቡኒ ነገድ ሳንቲሞች ናቸው።

ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ43 ደሴቲቱን ከወረሩ በኋላ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከምንጩ ጎን ቤተ መቅደስ ሠሩ። የራሳቸውን የጥበብ አምላክ ሚኔርቫን ቢደርቡባትም ሱሊስ አልተዋጠችም። በድንጋይ ጽሑፎቹ «ሱሊስ ሚኔርቫ» ተብላ የእሷ ስም ይቀድማል፤ ከተማይቱም «አኳይ ሱሊስ»፣ የሱሊስ ውሃዎች፣ ተባለች። ስሟን ከ«ዓይን» ወይም ከ«ፀሐይ» ጋር የሚያዛምዱ አሉ።

ብዙ የኬልት አማልክት በአንድ ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ስም በቀር ምንም አልተረፈላቸውም። ሱሊስ ግን የምእመናኗ አቤቱታ አለላት፤ ከምንጩ ወደ 130 የእርግማን ጽሑፎች ወጥተዋል። አብዛኞቹ የተገኙት በ1979 እና በ1980 ቁፋሮ ሲሆን፣ የተጻፉት ከ2ኛው እስከ 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ በስሱ ይጠፈጠፍና በሹል ብረት ይጫርበታል። ባለንብረቱ የጠፋውን ዕቃ ጠቅሶ ለአምላኳ ይሰጣል፤ ዕቃው የእሷ ከሆነ ሌባው የሰረቀው እሷን ነውና። ሌባው ስለማይታወቅ እንዳያመልጥ «ወንድም ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ጨዋ» ይባላል፤ በአንዱ ላይ «አረማዊም ይሁን ክርስቲያን» ተጨምሯል። የተጠረጠሩ ሰዎች ካሉ ስማቸው ይዘረዘራል። ከዚያ ቅጣቱ ይከተላል፦ ካባ የጠፋበት ዶኪሊያኑስ ሌባው ዕቃውን ወደ መቅደሷ እስኪያመጣ ሱሊስ እንቅልፍና ልጅ እንድትነሳው ጠየቀ። ዶኪሜዲስ ደግሞ ለሁለት ጓንት የሌባውን አእምሮና ዓይን ጠየቀ፤ ከበድ ይላል፣ አገሩ ግን ብርዳም ነው። በመጨረሻ ይጠቀለላል ወይም ይታጠፋል፣ ወደ ውሃው ይወረወራል።

የእጅ ጽሑፎቹ እርስ በርስ አለመመሳሰላቸው ብዙው ሰው በራሱ እጅ እንደጻፈ ያመለክታል። ፊደላትን ገልብጦ የጻፈ አለ። መጻፍ የማይችል የሚመስል አንድ ሰው ደግሞ ጽሑፍ የሚያስመስል ጭረት ብቻ ሞነጫጭሮ ጥሏል።

በወርቅ የተለበጠው የአምላኳ የነሐስ ራስ በ1727 የቆሻሻ ውሃ ቦይ ሲቆፈር ተገኘ። በ1790 የወጣው የመቅደሱ ግንባር ቅርጽ ግን ዛሬም ያጨቃጭቃል፤ ሜዱሳ (በግሪክ አፈ ታሪክ ጸጉሯ እባብ የሆነ ሴት) ነው ይባላል፣ ሆኖም ጺማም ወንድ ነው።

ከጽሑፎቹ ሁለቱ ፊደላቸው ላቲን፣ ቋንቋቸው ግን ሌላ ነው። የብሪታንያ ኬልትኛ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሁሉም የተስማማበት ትርጉም ግን እስካሁን የላቸውም።