ግብር ሰብሳቢ ማን ይሁን? የማዘጋጃ ቤት ጨረታና ክሱ

ሁሉም ማዘጋጃ ቤት ግብሩን በራሱ ሠራተኛ አይሰበስብም። ብዙ ቦታ ሥራው ለግል ኩባንያ በውል ይሰጣል፣ ኩባንያውም ከሰበሰበው ላይ ኮሚሽኑን ይወስዳል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የጥንት ሮማውያንም ከአውራጃዎች ግብር የመሰብሰብ መብትን በጨረታ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ግን የተሸነፈ ተጫራች አኩርፎ አይቀርም፣ ይከሳል።

አቤቱታዎቹ ይመሳሰላሉ። ሥራው ያለ ጨረታ ተሰጠ፣ የነጥብ አሰጣጡ ግልጽ አይደለም፣ ነባሩ ኩባንያ የግብር ከፋዩን መረጃ በእጁ ይዞ ስለተወዳደረ ውድድሩ እኩል አልነበረም የሚሉ ናቸው። ለእኔ ግን ትልቁ ጣጣ ያለው በሩ ላይ ነው፤ ማን መጫረት ይችላል የሚለው መስፈርት ላይ። በሩ ከተቆለፈ በኋላ ዋጋ ማወዳደሩ ምን ይረባል?

ጣሊያንን እንይ። ሕጉ የአካባቢ ግብር የሚሰበስብ የግል ኩባንያ ሙሉ በሙሉ የተከፈለ 10 ሚሊዮን ዩሮ ካፒታል ይኑረው ይል ነበር። የመንግሥት ድርሻ የሚበዛባቸው ኩባንያዎች ግን ከዚህ ነፃ ነበሩ። ትልቅ ከተማም ይሁን ትንሽ፣ ያው 10 ሚሊዮን ነበር። በሎምባርዲ ባራንዛቴና ቬኔጎኖ ኢንፌሪዮሬ የሚባሉ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ባወጡት ጨረታ ሰበብ ሦስት ኩባንያዎች ተከራከሩ፣ ነገሩም አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2012 ነው። ሰብስቦ ከማያስረክብ ኩባንያ የሕዝብን ገንዘብ መጠበቅ ተገቢ ነው፣ መስፈርቱ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ሄዷል ተባለ። የቴክኒክና የገንዘብ አቅም ማስረጃ መጠየቅ ወይም ካፒታሉን እንደ ውሉ ትልቅነት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻል ነበርና። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የትንሽ ከተማ ግብር ለመሰብሰብ የባንክ ያህል ካፒታል መጠየቅ ለትልልቆቹ ብቻ ገበያ መክለል ነው።

ሌላው ወሳኝ ነገር ጊዜ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የጨረታ ሕግ በሚሸፈኑ ውሎች፣ አሸናፊው ከተነገረ በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ሳይቆዩ መፈረም ክልክል ነው። ቅሬታ ያለው ተጫራች መሮጥ ያለበት ያኔ ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ማፍረስ በጣም ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የካሳ ጥያቄ ነው።

ክርክሩ ሲጓተት ደግሞ ግብሩ አይቆምም። ስለዚህ የነባሩ ኩባንያ ውል ለጥቂት ወራት ይራዘማል፣ ከዚያ እንደገና ይራዘማል። ያለ ጨረታ የተራዘመው ውልም ራሱ ሌላ ክስ ይወልዳል።