ስስ ጠንካራ ሽፋን ብረቱን ምን ያህል እንደያዘ የሚለካባቸው መንገዶች

ወርቃማው የትራፓኖ ፑንታ ቀለም የተቀባ አይደለም። ቲታኒየም ናይትራይድ የተባለ የቲታኒየምና የናይትሮጅን ጠንካራ ውህድ የለበሰ ነው። የሽፋኑ ውፍረት ቢበዛ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው፤ ጥንካሬው ግን ከሥሩ ያለውን አረብ ብረት በእጅጉ ይበልጣል። በደንብ ካልያዘ ግን ዋጋ የለውም። ተልጦ ይረግፋል፤ ስባሪው ደግሞ መልሶ ብረቱን ይፍቃል።

ለቀለም የሚሠራው ሙጫ አጣብቆ የመሳብ ዘዴ እዚህ አያዋጣም። ሽፋኑ ጥሩ ከሆነ ቀድሞ የሚለቀው ሙጫው ነው።

ለወርክሾፕ የሚሆነው የሮክዌል ሙከራ ነው። ዳይምለር ቤንዝ ሙከራ እያሉ የሚጠሩትም አሉ። በሰፊው ያስተዋወቀው የጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ ቪዲአይ 3198 ነው። ትልቁ ጥቅሙ አዲስ ማሽን አለመጠየቁ ነው፤ የተለመደው የሮክዌል የብረት ጥንካሬ መለኪያ ይበቃል። ሾጣጣ አልማዝ በ150 ኪሎ ግራም ኃይል ይጫናል። ብረቱ ይሰረጉዳል፤ ሽፋኑ ግን አብሮት መለጠጥ አይችልም። ከዚያ የስርጉዱ ዙሪያ በማይክሮስኮፕ 100 እጥፍ ጎልቶ ይታያል። ከጠርዙ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጥቂት ስንጥቆች ብቻ ከወጡ ሽፋኑ ጥሩ ይዟል፤ የመያዝ ደረጃው ኤችኤፍ 1 ነው፤ ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 6 ናቸው። ዙሪያውን ተልጦ ብረቱ ከገጠጠ ኤችኤፍ 6 ይባላል። እስከ 4 ያልፋል፤ 5 እና 6 ይወድቃሉ። በዓይን የሚፈረድ ስለሆነ ሁለት ሰዎች በ3 እና በ4 ላይ ላይስማሙ ይችላሉ። ቢሆንም በደቂቃዎች ውስጥ መጥፎውን ከጥሩ የሚለይ እንዲህ ያለ ቀላል ሙከራ ማግኘት ከባድ ነው።

የጭረት ሙከራው በቁጥር ይናገራል። የጫፉ ራዲየስ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ አልማዝ፣ ጭነቱ እየጨመረ፣ በሽፋኑ ላይ ይጎተታል። መጀመሪያ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ በጭረቱ ጠርዝ ይላጣል፤ በመጨረሻ ብረቱ ብቅ ይላል። እያንዳንዱ የታየበት ጭነት ወሳኝ ጭነት ይባላል፤ የሚጻፈውም በኒውተን ነው። ስንጥቁን በድምፁ የሚያዳምጡ መሣሪያዎችም አሉ። ቤንጃሚንና ዊቨር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. ወሳኙን ጭነት ከሽፋኑ አያያዝ ጋር የሚያገናኝ ስሌት አቀረቡ። ሙከራውን ለጠንካራ ሽፋን ያዳበሩት በዋናነት የስዊዘርላንድ ኑሻቴል ተመራማሪዎች ናቸው። ዛሬ አይኤስኦ 20502 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ይገዛዋል።

አከራካሪው ነገር ቁጥሩ ምን ይለካል የሚለው ነው። ከሥር ያለው ብረት ሲጠነክር ወይም ሽፋኑ ሲወፍር ወሳኙ ጭነት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ የሽፋኑ አያያዝ ባይሻሻልም። ስለዚህ በተለያየ ብረት ላይ የተገኙ ቁጥሮችን ማወዳደር ያሳስታል። የአልማዙ ጫፍ ሲያልቅም ውጤቱ ይዛባል፤ ከሙከራ በፊት በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።