በእንግሊዝ ነፃ የሕፃናት ማቆያ ሰዓት እንዴት እየሰፋ መጣ

በእንግሊዝ አገር ለትምህርት ቤት ያልደረሱ ልጆች በሳምንት የተወሰነ ሰዓት መንግሥት እየከፈለላቸው ማቆያ ይውላሉ። ነርሰሪም ሆነ በቤቷ ልጆች የምትይዝ የተመዘገበች ሞግዚት ዘንድ መዋል ይቻላል። ገንዘቡ ለወላጅ በእጅ አይሰጥም። የአካባቢው አስተዳደር በሰዓት አስልቶ ለማቆያው ይከፍላል።

አጀማመሩ ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ማንኛውም የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ 12 ሰዓት ተኩል የማግኘት መብት ነበረው። በ2010 ይህ ወደ 15 ሰዓት ከፍ አለ። በ2017 ደግሞ ሥራ ላይ ያሉ ወላጆች ለዚሁ ዕድሜ 30 ሰዓት ተፈቀደላቸው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በማርች 2023 የዚያን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ጄረሚ ሀንት ባቀረቡት በጀት ነው። ሥራ ላይ ካሉ ወላጆች ልጆች መካከል በኤፕሪል 2024 የሁለት ዓመቶቹ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ያሉት 15 ሰዓት አገኙ። በሴፕቴምበር 2025 ለእነዚህ ሁሉ ወደ 30 አደገ። ዘጠኝ ወር መባሉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በሕግ የተደነገገው የወሊድ ክፍያ በ39ኛው ሳምንት ያበቃል። እናት ደመወዝ የሚቋረጥባት ያኔ ነው።

ሆኖም ሰዓቱ የሚታሰበው ለዓመቱ 38 ሳምንታት ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ ወላጅ ሲከፋፈል በሳምንት ወደ 22 ሰዓት ይወርዳል። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አይበቃም። ማቆያዎች ለምግብና ለዳይፐር ማስከፈል ይችላሉ፤ ግን ነፃውን ቦታ ለመስጠት ያንን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አይፈቀድላቸውም።

የማቆያዎቹም ችግር ቀላል አይደለም። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሦስት ሕፃናት አንድ ሠራተኛ ግድ ነው። ቀድሞ መንግሥት የሚከፍለው ካልበቃ፣ ከትንንሾቹ ልጆች ወላጆች በሚገኘው ክፍያ ጉድለቱን ይሸፍኑ ነበር። አሁን የትንንሾቹን ሰዓት ጭምር በብዛት የሚገዛው መንግሥት ስለሆነ ያ መላ ጠብቧል። ስለዚህ መንግሥት የሚከፍለው ዋጋ ወሳኝ ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ ሠራተኛ አይቆይም፤ ሠራተኛ ከሌለ ደግሞ መብቱ ኖሮም ልጁን የሚቀበል ቦታ አይገኝም።

30 ሰዓቱን ለማግኘት እያንዳንዱ ወላጅ ቢያንስ በዝቅተኛው የደመወዝ ወለል የ16 ሰዓት የሳምንት ሥራ የሚያስገኘውን ገቢ ማግኘት አለበት። ከሁለቱ የአንዳቸው ገቢ በዓመት ከ100,000 ፓውንድ ካለፈ ግን አይፈቀድም። ወላጅ በኦንላይን አመልክቶ ኮድ ይወስዳል፤ በየሦስት ወሩም ያድሰዋል። ኮዱ የትምህርት ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት መያዝ አለበት። የረሳ እስከሚቀጥለው ወቅት ሊጠብቅ ይችላል።

እኔን የሚከነክነኝ ሥራ የሌላቸው ወላጆች ልጆች ጉዳይ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው 15 ሰዓቱን ያገኛሉ። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰቡ የተወሰኑ ድጎማዎችን የሚያገኝ ካልሆነ ወይም ልጁ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ካልሆነ በቀር ምንም የላቸውም። ሥራ የምትፈልግ እናት ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ልጇን የምትተውበት ያስፈልጋታል። ሰዓቱ ግን የሚፈቀድላት ሥራ ካገኘች በኋላ ነው። ልጅ ከእኩዮቹ ጋር መጫወትና አፍ መፍታት የሚያስፈልገው ደግሞ ወላጁ ሥራ ስላለው አይደለም። ስኮትላንድ ሌላ መንገድ መርጣለች። ከኦገስት 2021 ጀምሮ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ሁሉ በዓመት 1,140 ሰዓት ትሰጣለች፤ ወላጅ ይሥራ አይሥራ አትጠይቅም።